የጋሼ ውድነህ መቶ ሁለት ቀን

ጋሼ ውድነህ አሰብ ወደብ ውስጥ በመኪና ሚዛን ላይ አሥራ አራት ዓመት ሲሠሩ፣ አንድም ቀን ታምመው ቤት ውለው አያውቁም ይባል ነበር። ይህን የሚሉት በዋናነት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር፣ ሾፌር መኪናውን አቁሞ ተራ ሲጠብቅ፣ የነዳጅ ማጣሪያው ቴክኒሻኖች ከፀሐይ ሊጠለሉ በር ላይ ጎራ ሲሉ፣ ወሬው ከየትም ይነሣ ከየት መድረሻው አንድ ነበር።

«እኔ'ኮ አንድ ቀን! አንድ ቀን እንኳ!» ይሉና ጠቋሚ ጣታቸውን ቀጥ አድርገው ያሳያሉ።

እኔ ያኔ በዚያው መሥሪያ ቤት የደብዳቤ መዝገብ ያዥ ነበርኩ። ጠረጴዛዬ የሠራተኛ አስተዳደር ጸሐፊ ከነበረችው ከወይዘሪት ታየች ጠረጴዛ ጋር ፊት ለፊት ስለነበር፣ ከዚህ በታች የማወራውን አብዛኛውን በዓይኔ አይቻለሁ። የቀረውን ባለቤታቸው እትዬ ማንጠግቦሽ ሳልጠይቃቸው ነግረውኛል።

ጋሼ ውድነህ የወሎ ሰው ናቸው። ባሕር መጀመሪያ ያዩት ከደሴ አሰብ በሚመላለስ ከባድ መኪና ላይ ረዳት ሆነው ነው። ሙቀቱ ሲቀበላቸው «ይህን አገር እግዜር እሳት ላይ ጥዶ ረስቶታል» አሉ፤ ቢሉም ወርደው እዚያው ቀሩ። ስድስት ዓመት ያህል መርከብ በመጣ ቁጥር ጆንያ እየተሸከሙ በቀን ሥራ ከቆዩ በኋላ፣ የካቲት 13 ቀን 1949 ዓ.ም. በሚዛን ሠራተኛነት በቋሚነት ተቀጠሩ። ያን ዕለት ቅጽ የሞላላቸው ጸሐፊ «ይህ ሥራ የረጋ ሰው ይፈልጋል» ብሎ ፊቱን ስላኮሳተረባቸው፣ ሠላሳ ሰባት የነበረውን ዕድሜያቸውን አርባ አሉት። የተወለዱበትን ቀን ሲጠይቃቸው አላውቀውም አሉ። ጸሐፊው ሰዓቱን አየና «ጥቅምት ሠላሳ ቢሆን ይስማማዎታል?» አላቸው። ተስማማቸው።

ለመርጋት ብለው የጨመሯቸው እነዚያ ሦስት ዓመታት በሰኔ 1963 ተመልሰው መጡ። መሥሪያ ቤቱ የራሱ የጡረታ ደንብ ነበረው፤ ሃምሳ አምስት ዓመት የሞላው ይሰናበታል። ደብዳቤውን መዝግቤ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ቆመው አነበቡት፣ ከዚያ ተቀምጠው አነበቡት። ጥቅምት 30 ቀን 1964 ይሰናበታሉ ይላል። እስከዚያ ቀን ያላቸው አገልግሎት አሥራ አራት ዓመት ከስምንት ወር ከአሥራ ስምንት ቀን ነው። አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላው ደግሞ ያዋጣው ተመልሶለት ይሸኛል እንጂ የወር ጡረታ አያገኝም። የጆንያ ተሸካሚነቱ ስድስት ዓመት የቀን ሥራ ስለነበር ከቁጥር አይገባም።

«ስንት ጎደለኝ?» አሉ።

ወይዘሪት ታየች እርሳሷን አንሥታ አሰላች። «ሦስት ወር ከአሥራ ሁለት ቀን፣ ጋሼ። መቶ ሁለት ቀን።»

በቀጥታ ወደ አለቃችን ወደ አቶ ፍቃዱ ቢሮ ገቡ። አቶ ፍቃዱ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ደንብ ሲጠቀስ ወንበራቸው ላይ ቀና ብለው የሚቀመጡ ዓይነት ናቸው። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉም ተሰማን።

«ጌታዬ፣ ሦስት ወር ብቻ ልቆይ።»

«አይቻልም፣ አቶ ውድነህ። ዕድሜዎ ሞልቷል። የተናገሩት ደግሞ ራስዎ ነዎት።»

«እሱንማ ዋሽቼ ነው።»

አቶ ፍቃዱ ብዕራቸውን አነሡ። «እንግዲያው ሲቀጠር ዋሽቷል ብዬ ልጻፍ?»

«ኧረ አይጻፉ! ሃምሳ አምስት ነኝ። እንዲያውም ሳላልፍ አልቀርም።»

በዚህ ሁኔታ ሰኔ አለቀ። ጋሼ ውድነህ ሚዛናቸውን እያነበቡ፣ የኩንታሉን ልክ እየጮኹ ዋሉ እንጂ ያ ጠቋሚ ጣት ለአንድ ወር ያህል አልተነሣም።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከአዲስ አበባ በመጣው አውሮፕላን የደብዳቤ ከረጢት ደረሰ፤ ውስጡ ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከ አንድ ሰርኩላር ነበር። ቁጥሩን መዝግቤ ለወይዘሪት ታየች አቀበልኳት። አነበበችው፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ እንደገና አነበበችው፤ ከዚያ አንዱን ጫማዋን በወጉ ሳታጠልቅ ወደ ሚዛኑ ሮጠች። ተከተልኳት።

«ጋሼ ውድነህ! ጡረታው የተቃረበ ሠራተኛ ያልተጠቀመበት የሕመም ፈቃድ ካለው፣ በአገልግሎቱ ላይ ይደመርለታል ይላል!»

ጋሼ ውድነህ ሚዛኑ ላይ የቆመውን መኪና ረሱት። «ምን ማለት ነው?»

«በዓመት ሰባት ቀን የሕመም ፈቃድ አለዎት አይደል? ያልታመሙበት ሁሉ እንደሠሩበት ይቆጠራል።»

«የታመሙትስ?»

«እነሱማ ታመውበታል!»

ያን ጊዜ ያየሁትን ፊት አልረሳውም። አሥራ አራት ዓመት ሲፎክሩበት የኖሩት ነገር ለካ ዋጋ ያለው ነበር። እዚያው በጣታቸው ማስላት ጀመሩ። አሥራ አራት ጊዜ ሰባት ዘጠና ስምንት። ለዘንድሮው ጎደሎ ዓመት አምስት። መቶ ሦስት! የጎደላቸው መቶ ሁለት፣ ያላቸው መቶ ሦስት። ሚዛኑ ላይ የነበረው ሾፌር መርሻ የሚባል የቆየ ወዳጃቸው ነው፤ ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው ለደስታቸው ብሎ ጡሩምባውን ነፋላቸው።

ቢሮ ተመልሰን ወይዘሪት ታየች የፈቃድ መዝገቡን ከመደርደሪያ አወረደች። ወሬው ወዲያው ተዳርሶ ስለነበር ስድስት ሰባት ሰው ጠረጴዛዋን ከቧል። የጋሼ ውድነህ ገጽ በየዓመቱ ነጭ ነው፤ እንደ አዲስ ደብተር። እየገለጠች «ምንም… ምንም… ምንም…» ትላለች፤ እሳቸውም በየገጹ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። አንድ ገጽ ላይ ግን ጣቷ ቆመ።

«ሚያዝያ 9 ቀን 1955» ብላ አነበበች። «የሆድ ቁርጠት። አንድ ቀን።»

የከበበው ሰው ሁሉ ገጹን ለማየት አንገቱን አሰገገ። 

«አንድ ቀን እንኳ!» አለ ከኋላ አንዱ፣ የሳቸውን ድምፅ አስመስሎ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ጋሼ ውድነህ ላባቸውን ጠረጉ። «ሆዴን አልነበረም» አሉ በመጨረሻ። «የማንጠግቦሽ እህት ከበደች በአውሮፕላን ትመጣለች ተባለ። የምናውቀው ሰው ከአውሮፕላን ሲወርድ አይተን ስለማናውቅ፣ ማንጠግቦሽ ካላየሁ አለች። ብቻዋን ልስደዳት? ማረፊያው ድረስ ሄድን። በእውነትም ወረደች።»

«እና ቁርጠቱ?»

«ሌላ ሕመም አልመጣልኝም።»

እንግዲህ ከመቶ ሦስት አንድ ሲቀነስ መቶ ሁለት ይቀራል። የሚያስፈልገው መቶ ሁለት። ቅንጣት አይጎድል፣ ቅንጣት አይተርፍ። ወይዘሪት ታየች መዝገቡን ዘግታ፣ እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ ዳኛ አየቻቸው።

«ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ሠላሳ እንዳይታመሙ።»

«ተዪ እንጂ ልጄ፣ እኔ ደግሞ መቼ ታምሜ አውቃለሁ!» አሉ፤ ግን ድምፃቸው እንደ ድሮው አልነበረም።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሰውየው ሌላ ሰው ሆኑ። ድሮ በአርባ ዲግሪ ሙቀት ባዶ ራሳቸውን የሚቆሙት ጋሼ ውድነህ ጃንጥላ ገዙ። በረዶ የገባበት ውኃ ተዉ፤ ጉሮሮ ይይዛል። ቬንቲላተር ሥር መቀመጥ ተዉ፤ ጎን ይወጋል። የሳለ ሰው ሲያዩ መንገድ ይሻገራሉ። መርሻ ይህን ስላወቀ ከመኪናው ወርዶ ወደ መስኮታቸው ሲጠጋ ሆን ብሎ ያነጥሳል፤ እሳቸውም መስኮቱን ጥርቅም አድርገው ዘግተው ልኩን በመስተዋቱ ውስጥ በጣት ያሳዩታል። እትዬ ማንጠግቦሽ ደግሞ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ለጎረቤት እየዞሩ ያወራሉ። ጋሼ ውድነህ ዓሣ ሲቀርብላቸው መጀመሪያ ሚስታቸውን ያስቀምሷቸዋል፤ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁና ደኅና መሆናቸውን አይተው ይበላሉ።

«አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሰው ነበርክ» አሏቸው አንድ ቀን። «አሁን እንቁላል ሆንክብኝ። በጥጥ ልጠቅልልህ?»

«እስከ ጥቅምት ነው፣ ማንጠግቦሽ።»

«እኔስ? እኔ እስከ ጥቅምት አብጄ ብገኝ ማን ይደምርልኛል?»

የፈሩት ሁሉ አልመጣም። የመጣው ያልፈሩት ነው። ነሐሴ ውስጥ የሰፈሩን ሕፃናት ጆሮ ደግፍ ይዟቸው ነበር፤ ጋሼ ውድነህ «እሱ የልጅ ነው» ብለው ንቀውት ከርመዋል። ነሐሴ 27፣ ሐሙስ ዕለት፣ ሲነጋ ከእንቅልፋቸው ተነሡና ባለቤታቸውን ጠሩ። እትዬ ማንጠግቦሽ መጥተው ሲያዩዋቸው መጀመሪያ ሳቁ። የግራ ጉንጫቸው ከጆሯቸው እስከ አገጫቸው ተነፍቶ፣ ባልየው በአንድ ወገን ብቻ የወፈሩ ይመስላሉ። ቀጥለው ግንባራቸውን ሲዳስሱ እንደ ጋለ ብረት ሆነባቸው፤ ሳቁ ቆመ።

«ዛሬ አትሄድም።»

«እሄዳለሁ።»

«ትኩሳት አለህ እኮ!»

«አሰብ ውስጥ ትኩሳት የሌለው ማን አለ?»

እትዬ ማንጠግቦሽ ብዙ ከተሟገቱ በኋላ ነጠላቸውን አጣጥፈው ከአገጭ እስከ አናት ጠመጠሙላቸው። እሳቸውም ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ። በዚያ ወራት ሥራ የሚገባው ከሙቀቱ በፊት ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ የመግቢያ መዝገቡ ላይ እንደ ወትሮው የመጀመሪያው ፊርማ የሳቸው ነበር።

የመጀመሪያው መኪና የመርሻ ሆነ፤ ኑግ ጭኖ፣ ተሳቢውን አስከትሎ። ጋሼ ውድነህ ሚዛኑን አነበቡና እንደ ልማዳቸው ጮኹ። ግን አፋቸው የሚከፈተው በቀኝ በኩል፣ ያውም ጥቂት ብቻ ነው።

«ሁኡ ኦ አባ!»

«አቤት?» አለ መርሻ።

«ሁኡ ኦ አባ!»

«ሁለት መቶ ሰባ? ምነው ሠላሳ ኩንታል ጨመርክብኝ? መንገድ ላይ ማን ጫነብኝ?»

ጋሼ ውድነህ ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ፤ ሲነቀንቁ አመማቸውና አቃሰቱ። መርሻ ከመኪናው ወርዶ እየጮኸ መጣ፤ የሌሎቹ ሾፌሮች ጡሩምባም ከኋላ ተቀበለው። አቶ ፍቃዱ ጩኸቱን ሰምተው ከቢሯቸው ወጡ፤ እኛም ተከተልናቸው። መርሻ መስኮቱ ጋ ደርሶ ወዳጁን በነጠላ ተጠምጥሞ ሲያየው ነገሩ ወዲያው ገባው፤ ያቺ የመቶ ሁለት ቀን ነገር በመንገዱ ሁሉ፣ እስከ ኮምቦልቻ ድረስ፣ በሾፌሮች ዘንድ ታውቃ ነበርና።

«ምን ሆኗል?» አሉ አቶ ፍቃዱ።

«ምንም አልሆነ ጌታዬ፤ ጥርሱን ነው» አለ መርሻ።

«የጥርስ ሕመምም ሕመም ነው። ቸሩ ይጠራ።»

ቸሩ የወደቡ ክሊኒክ ድሬሰር ነው፤ ወጣት፣ ሥራውን የሚወድ፣ ቀልድ የማይገባው። መጥቶ ነጠላውን ፈታ፣ በሁለት ጣቱ ጉንጫቸውን ነካ ነካ አደረገና ጮክ ብሎ «ጆሮ ደግፍ!» አለ።

በመስኮቱ ዙሪያ የነበርነው ሁሉ አራት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈግን። ቸሩ ዘወር ብሎ «በልጅነታችሁ ያልያዛችሁ እንዳትጠጉ፤ ትልቅ ሰው ላይ ይከፋል» ሲል፣ ከሁላችንም ርቀው የቆሙት አቶ ፍቃዱ እንደሆኑ አየን። ከመጋዘኑ ጥላ ሥር ሆነው፣ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነው የሚያዳምጡት። ከዚያ ወዲያ ያለውን ትእዛዝ ሁሉ ከዚያው ሆነው እየጮኹ ሰጡ።

«ሰባት ቀን ዕረፍት ያስፈልጋቸዋል» አለ ቸሩ፣ የወረቀት ጥራዙን እያወጣ።

ጋሼ ውድነህ ሁለት እጃቸውን ጥራዙ ላይ ጫኑ። መናገር ስለማይችሉ በዓይናቸው ለመኑት። ቸሩ ተጨነቀ። ነገሩን ያውቃል፤ ግን ሐሰት የማይጽፍ ሰው ነው።

ወይዘሪት ታየች ይህን ጊዜ መዝገቧን ታቅፋ እየሮጠች ደረሰች፤ እሷን በልጅነቷ ይዟታል። «ቸሩ፣ ቆይ! ሰኞ ስንት ነው?»

«ሰኞ… ጳጉሜ አንድ።»

«ጳጉሜ በዚህ መዝገብ ላይ ገጽ የላትም» አለችና ገለጠችለት። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ እያለ ለየዓመቱ አሥራ ሁለት ገጽ ብቻ ነው ያለው፤ ከነሐሴ ቀጥሎ ወዲያው መስከረም። «ደመወዝ የሚከፈለው ለአሥራ ሁለት ወር ነው። ፈቃድ የሚቆጠረውም ለአሥራ ሁለት ወር ነው። በጳጉሜ የታመመ ሰው የት ነው የሚጻፈው?»

ቸሩ መዝገቡን ገለበጠ። ከኋላም ፈለገ። የለም።

«ዘንድሮ ደግሞ ዘመነ ሉቃስ ነው» አለች ወይዘሪት ታየች፤ ዓይኗ እያበራ። «ጳጉሜ ስድስት ናት። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ። እሑድ ዕንቍጣጣሽ፣ በዓል። ሰባት ቀን ሞላልህ!»

«ዛሬ ግን ሐሙስ ነው» አለ ቸሩ። «ዛሬ፣ ነገና ቅዳሜስ?»

ሁላችንም ወደ መጋዘኑ ጥላ ዞርን። አቶ ፍቃዱ መሐረባቸውን ከአፋቸው ሳያነሡ ትንሽ አሰቡ። ደንቡን በልባቸው እያገላበጡ እንደነበር ከአቋማቸው ያስታውቃል።

«ቸሩ!» ብለው ጮኹ። «በሽተኛው ከሰው ተለይቶ በአንድ ክፍል ውስጥ ቢቀመጥ ይበቃል?»

«ይበቃል ጌታዬ። ዋናው እንዳይደክምና ከሰው እንዳይቀላቀል ነው።»

«የሚዛኑ ክፍል ምንድን ነው?»

«ክፍል ነው ጌታዬ።»

«እንግዲያው ማንም እንዳይገባበት! እሱም እንዳይወጣ!»

«የሐኪም ወረቀቱስ?»

«ወረቀት የምትጽፈው ከሥራ ለቀረ ሰው ነው። ይህ ሰው ቀርቷል? አልቀረም። ሲቀር ትጽፋለህ፤ ከሰኞ ጀምሮ።»

ቸሩ ጥራዙን ኪሱ ከተተ። ሕሊናው የተስማማ መሰለኝ፤ ቢያንስ ላቡን ጠረገ።

በዚህ ዓይነት ጋሼ ውድነህ ሐሙስን፣ ዓርብንና የቅዳሜን ግማሽ ቀን በሚዛኑ ክፍል ውስጥ ተዘግተው ሠሩ። እትዬ ማንጠግቦሽ የጠፍር አልጋቸውን በጋሪ አስጭነው ላኩ፤ አልጋው በመስኮቱ በኩል ስለማይገባ በሩ ለአንድ ደቂቃ ተከፍቶ ገባ። መኪና ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ጋሼ ውድነህ ከአልጋው ይነሣሉ፣ ያነባሉ፣ ልኩን በካርቶን ላይ በከሰል ጽፈው በመስኮቱ ያሳያሉ፣ ተመልሰው ይጋደማሉ። ሾፌሮቹም ያን ሰሞን ጨዋ ሆኑ። ሁለት መኪና ተከታትሎ ሲመጣ ኋለኛው ትንሽ ይዘገያል፤ ጡሩምባ የሚነፋ ጠፋ። አጥሚቱ በየሦስት ሰዓቱ በረጅም እንጨት ጫፍ በተንጠለጠለ ጣሳ ይገባላቸዋል፤ ይህን ዘዴ ያመጣው መርሻ ነው። ከቦታው ተነሥቶ አዲስ አበባ መሄድ ሲገባው፣ «ሞተሩ አላማረኝም» ብሎ አንድ ቀን ሙሉ አሰብ ዋለ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በቀኝ በኩልም አበጠ። «አሁንስ ደኅና ሆነ» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ በመስኮቱ አይተው፤ «እኩል ሆነልህ።»

ሰኞ ጳጉሜ አንድ ቀን ጋሼ ውድነህ በቤታቸው፣ በሕጋዊ መንገድ፣ ታመሙ። ቸሩ ወረቀቱን ራሱ ወሰደላቸው። ጳጉሜ ሦስት የሩፋኤል ዕለት በአገራቸው ዝናብ ይዘንባል፤ ሰው ሁሉ ይጠመቅበታል። አሰብ ላይ ግን ደመና የሚባል አይታይም። እትዬ ማንጠግቦሽ ባልዲ ይዘው ባሕሩ ዳር ወረዱ፤ ጨዋማውን ውኃ አምጥተው ከራሳቸው እስከ እግራቸው አፈሰሱባቸው።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ ጋሼ ውድነህ፣ ዓይናቸው እየተቃጠለ።

«ሩፋኤል የባሕርም ነው። ዝም ብለህ ተጠመቅ።»

መስከረም ሁለት ሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መዝገቡ ላይ የመጀመሪያው ፊርማ የሳቸው ነበር። እብጠቱ ጠፍቶ ከፊታቸው ላይ የቀረው ቆዳ ብቻ ይመስል ነበር፤ ካርቶናቸውን ጥለው እንደ ድሮው ጮኹ። ወይዘሪት ታየች ማመልከቻውን ከመዝገቡ ግልባጭ ጋር አያይዛ፣ አቶ ፍቃዱ ፈርመውበት፣ እኔ ማኅተም መትቼበት ወደ አዲስ አበባ ላክነው።

መልሱ በመስከረም መጨረሻ መጣ። ከፍቼ ሳነበው መጀመሪያ ያነበብኩትን አላመንኩም። ዋናው መሥሪያ ቤት እንዲህ ይላል፦ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ብቻ ታመመ የተባለ ሠራተኛ እስከ ዛሬ አጋጥሞን ስለማያውቅ፣ ሰውየው በእርግጥ መኖሩን የሚያጣራ መርማሪ ይላካል።

«የለሁም ሊሉኝ ነው?» አሉ ጋሼ ውድነህ።

«በስምዎ ሌላ ሰው ደመወዝ ይበላ ይሆናል ብለው ነው» አለች ወይዘሪት ታየች።

«በኔ ስም? ማን? እኔው ነኛ!»

መርማሪው አቶ ሀብቴ ይባላሉ። ጥቅምት አምስት ቀን በጠዋቱ አውሮፕላን መጡ፤ ወፍራም የሱፍ ኮትና ክራቫት አድርገው። ከአውሮፕላኑ ደረጃ እስከ መኪናው ባለው መንገድ ክራቫቱ ወለቀ፤ ከመኪናው እስከ ቢሯችን ባለው ኮቱ። ቢሮ ሲገቡ ፊታቸው ቀልቶ፣ እጃቸው ላይ የቀረው ቦርሳቸው ብቻ ነበር። በረዶ የገባበት ውኃ ሁለት ብርጭቆ ጠጥተው ወደ ሚዛኑ ሄዱ፤ እኛም ተከተልናቸው።

አቶ ሀብቴ የጋሼ ውድነህን መታወቂያ ከፊታቸው ጋር አስተያዩ። ፊርማቸውን አስፈረሟቸው፤ ከመዝገቡ ጋር አመሳከሩ። ጋሼ ውድነህ መኖራቸው እየተረጋገጠ ሲሄድ ደረታቸውን እየነፉ መጡ። አቶ ሀብቴ ሚዛኑ ደኅና መሆኑንም ላረጋግጥ ብለው ብረቱ ላይ ወጡ።

«አንድ ኩንታል!» ብለው ጮኹ ጋሼ ውድነህ።

አቶ ሀብቴ ደነገጡ። «እኔ ሰማንያ ሁለት ኪሎ ነኝ!»

«እሱ ለመኪና የተሠራ ነው ጌታዬ። ሰው ሲወጣበት ያጋንናል።»

ከዚያ በኋላ አቶ ሀብቴ የጠፍር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አልጋውን የሚያወጣው ስላልተገኘ እዚያው ቀርቶ ነበር። ላባቸውን እየጠረጉ በቀጥታ ጠየቋቸው።

«አቶ ውድነህ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ በእርግጥ አንድ ቀን ብቻ ነው የታመሙት?»

ወይዘሪት ታየች መዝገቧን ታቀፈች። አቶ ፍቃዱ ጣሪያውን አዩ። የጋሼ ውድነህ ጣት አሁን አልተነሣም።

«ጌታዬ» አሉ፣ «ስንቱን ልቁጠርልዎት? ወባ በየዓመቱ ይይዘኛል። አንድ ጊዜ እግሬን በርሜል ወድቆበት በምርኩዝ እየመጣሁ ሠርቻለሁ። በቅርቡ ጆሮ ደግፍ ይዞኝ እዚሁ አልጋ ላይ ተኝቼ ነው ያነበብኩት። መዝገቡ ላይ ያለችው ያቺ አንዲት ቀን ብቻ ውሸት ናት፤ ያን ቀን ደኅና ነበርኩ።»

«ታዲያ ለምን ፈቃድ አልወሰዱም? መብትዎ አይደለም?»

«በጆንያው ጊዜ ነው የተማርኩት» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ንዳድ ይዞኝ ሦስት ቀን ተኛሁ። በአራተኛው ቀን ስመጣ ቦታዬ ላይ ሌላ ሰው ተሸክሟል። አለቃው "አንተ ማነህ?" አለኝ። ከሦስት ቀን በፊት በስሜ ይጠራኝ የነበረ ሰው ነው። ያን ጊዜ ማንጠግቦሽን ካገባሁ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። ቋሚ ከሆንኩ በኋላ መብት አለህ ብለውኛል፤ አውቃለሁ። ግን ጠዋት ጠዋት ሲያመኝ፣ እዚያ ሄጄ "አንተ ማነህ?" ቢሉኝስ እያልኩ እነሣለሁ።»

 ሚዛኑ ላይ አንድ መኪና ሲወጣ ብረቱ ተንቋቋ፤ ጋሼ ውድነህ ከወሬያቸው ተነሥተው አነበቡና ጮኹ፣ ተመልሰው ቆሙ።

አቶ ሀብቴ ወደ ወይዘሪት ታየች ዞሩ። «ይህ ጆሮ ደግፍ ያሉት የት ተመዘገበ?»

«በጳጉሜ ነበር ጌታዬ» አለች፤ መዝገቡን ዘርግታ አሥራ ሁለቱን ገጽ አሳየቻቸው።  አቶ ሀብቴ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ገለጡ፤ ነሐሴ ላይ ቆዩ፣ መስከረም ላይ ቆዩ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

«ሃያ ሁለት ዓመት በመንግሥት ሥራ ላይ ኖሬያለሁ» አሉ። «በየዓመቱ ጳጉሜን ያለ ደመወዝ ሠርቻታለሁ። አንድ ሰው እንኳ ከሷ ጥቅም ማግኘቱን ዛሬ አየሁ።»

ሪፖርታቸውን እዚያው በጉልበታቸው ላይ ጻፉት። ወደ አዲስ አበባ ከመሄዱ በፊት በኔ እጅ ስላለፈ ቃል በቃል አውቀዋለሁ። «ሠራተኛው በእርግጥ አለ። ሲሠራም አይቻለሁ። የጠየቀው ይፈቀድለት» ይላል። ከሰዓት በኋላ አውሮፕላናቸው እስኪነሣ ድረስ በአልጋው ላይ ጋደም ብለው ዋሉ፤ ከሙቀቱ የተነሣ አሟቸው ነበር።

ማጽደቂያው ጥቅምት 21 ደረሰ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ፤ የወር ጡረታ። እትዬ ማንጠግቦሽ ደብዳቤውን ማንበብ ባይችሉም ከእጄ ተቀብለው ማኅተሙን ሳሙት። ጥቅምት ሠላሳ፣ በተሰናበቱበት ዕለት፣ ሰልፍ የያዙት ሾፌሮች ሁሉ በአንድነት ጡሩምባ ነፉ፤ አቶ ፍቃዱም «የሥራ ሰዓት ነው!» ብለው ጮኹና ወዲያው ዞረው ዓይናቸውን ጠረጉ።

በነጋታው ጋሼ ውድነህ በልማዳቸው ተነሥተው፣ ለባብሰው ወደቡ በር ድረስ ሄዱ። ዘበኛው ሰላም ብሎ ካሳለፋቸው በኋላ ነው ሥራ እንደሌላቸው ትዝ ያላቸው። ለሁለት ሳምንት ያህል ቤት ውስጥ ተቀምጠው የሚገባውንና የሚወጣውን ሰው ክብደት ሲገምቱ ሰነበቱ። በሦስተኛው ሳምንት ሴት እንግዶች ባሉበት አንዷን «ስድሳ ስምንት» ሲሉ የሰሟቸው እትዬ ማንጠግቦሽ ሐመዱን ጠሩት። ሐመዱ በጎረቤታችን የሚኖር፣ ሳምቡክ የሚባል ባለ ሸራ ጀልባ ያለው አፋር ዓሣ አጥማጅ ነው።

«ይህን ሰው በሳምቡክህ ውሰድልኝ» አሉት። «እስከ ዒድ ከተማ በባሕሩ ዳር ውሰደው። ባሕር አሳየው፤ ሃያ ዓመት አጠገቡ ኖሮ አላየውም።»

ጋሼ ውድነህ ሦስት ቀን ብለው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ከዒድ በሚመጣ ጀልባ «ነገ እመጣለሁ በሏት» የሚል መልእክት ደረሰ። በአምስተኛውም ቀን «ነገ እመጣለሁ በሏት» የሚል መጣ። ጎረቤቶች ተጨነቁ፤ ምናልባት ታመው ይሆን እያሉ እትዬ ማንጠግቦሽን ጠየቋቸው።

«ምን ያመዋል» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ። «መቅረት ጥሞት ነው።»

ጋሼ ውድነህ የመጡት በአሥረኛው ቀን ነው፤ አፍንጫቸው በፀሐይ ተልጦ፣ የደረቀ ዓሣ በትከሻቸው ተሸክመው።